ገጽ አራት፣ ተራ ቁጥር ስምንት

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ፤ ስልኬ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ፊቴን ሳልታጠብ ከቢሮ ተደወለ። "ጋሼ ሲሳይ፣ የሮቢቱን ትምህርት ቤት የክፍያ ሰርተፍኬት ላወጣ ነበር። የቱን ነው የምጫነው?" አለኝ አንዱ። መልሱ እኔ በጻፍኩት መመሪያ ገጽ ሦስት ላይ አለ። ከነሥዕሉ አለ፤ ቀስትም ተደርጎበታል።

"መመሪያው አጠገብህ የለም እንዴ?" አልኩት።

"አለ። ግን እርስዎን መጠየቅ ይቀለኛል" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰው የማያነበውን መጻፍ። የግንባታ ፕሮጀክቶችን የክፍያ መረጃ ከኮምፒውተር ፈልገው የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ። ምን ያህል ተሠራ፣ ምን ያህል ተለካ፣ ስንተኛው ክፍያ ላይ ተደረሰ፤ ይህን ሁሉ ያወጣሉ። እኔ ፕሮግራሞቹን አልሠራሁም፣ ግንባታውንም አልገነባሁም፣ ክፍያውንም አልከፈልኩም። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራበት የሚናገረውን ወረቀት ነው የጻፍኩት። ይህን ስናገር ሰዎች "እሺ፣ ዋናው ሥራህስ?" ይሉኛል። ባለቤቴማ ሰልችቷት ለጎረቤቱ ሁሉ "ኮምፒውተር ላይ ነበር" ብላ ትገላገላለች።

ይህን የምጽፈው ለማማረር ብቻ አይደለም፤ ለማማረርም ነው እንጂ። ዋናው ምክንያቴ ግን በዚያ መመሪያ ገጽ አራት ላይ የጎደለች አንዲት መሥመር ናት። መሥመሯ በመጉደሏ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ሌባ ተባሉ። ያጎደልኳት እኔ ነኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሜትር በመያዝ ነው። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቆቦ ስደርስ የሚጠብቀኝ ወንበርና ጠረጴዛ መስሎኝ ነበር። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ሙሄ ጋ ሂድ" አለኝ። ጋሼ ሙሄ የጎብዬ ሰው ናቸው። በሸለቆው ውስጥ የሚገነባው ቦይ፣ ግንብና ድልድይ ሁሉ የሚለካው በሳቸው እጅ ነበር። ኮንትራክተሩ ክፍያ የሚጠይቀው እሳቸው ለክተው ከፈረሙ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ጨጓራዬን ላጠው። ጋሼ ሙሄ ሜትሩን ከመዘርጋታቸው በፊት ከኪሳቸው ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው አሸዋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርጉታል። እኔ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ፣ እሳቸው ሌላውን ይወጥራሉ። ከዚያ ቁጥሩን አያነቡትም። ዘወር ዘወር ብለው በአቅራቢያው ያለ ሰው ይፈልጋሉ። ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬ ይሁን፣ ድንጋይ የሚያመላልስ የቀን ሠራተኛ ይሁን፣ ግመል ይዞ ወደ ገበያ የሚያልፍ አፋር ይሁን ግድ የላቸውም። "እስቲ ወንድሜ፣ ይቺን ቁጥር አንብብልኝ" ይላሉ። ሰውዬው ካነበበ በኋላ በእርሳስ ይጽፋሉ። የጻፉትን መዝገብ ለእኔ ሰጥተው ጮክ ብዬ እንዳነበው ያደርጋሉ። ሰውዬው "አዎ፣ እሱ ነው" ሲል ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ቁጥር የማያውቅ ሰው ከገጠመን ሌላ እስኪያልፍ ፀሐይ ላይ እንቆማለን። የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ቆሽቴ አረረና "ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ለእኛም ይታየናል" አልኳቸው።

"ይታየናል" አሉ፣ ጨርቃቸውን እያጣጠፉ። "እኔ ሠላሳ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ሠላሳ አያለሁ። እሱ ግን ምንም ብሎ አልመጣም።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መዝገባቸው ላይ የተሠራው ሁሉ በቀኝ ገጽ ይጻፋል፤ የሚቀነሰው ደግሞ በግራ ገጽ፣ በቀይ። ጎርፍ የወሰደው፣ ተበላሽቶ የፈረሰው፣ በትርፍ የተለካው ሁሉ በቀይ ይሰፍራል። ኮንትራክተሮቹ ቀዩን እስክሪብቶ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። አንዱማ አዲስ ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝቶ በስጦታ መልክ አምጥቶላቸዋል። ጋሼ ሙሄም ተቀብለው በሱው የቀኙን ገጽ ቁጥሮች አደመቁበት።

ሁለት ዓመት ያህል እንደሠራን ጎብዬ አጠገብ አንድ ትንሽ ድልድይ ስንለካ ሰው የሚባል ጠፋ። የገበያ ቀን ነበርና ሁሉም ከተማ ገብቷል። ጋሼ ሙሄ ግራ ቀኙን አዩ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻ "በል አንተ አንብብ" አሉኝ። "አራት ሜትር ከስልሳ" አልኩ። ማንንም ሳይጠይቁ ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ያነበብኩት ሁሉ ሳይደገም መዝገብ ላይ ይሰፍር ጀመር። ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ቀን ያን ያህል ደስ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ሮቢት፣ ወልድያ፣ እንደገና ቆቦ ተንከራተትኩ። ከምሳ በኋላ ምንም ወረቀት የማይፈርም ኃላፊ ነበረኝ። ሪፖርት በእጁ እየመዘነ "ይቺ ቀለለችብኝ፣ ጨምርባት" የሚል ኃላፊም ነበረኝ። ኮምፒውተር ሲመጣ ሥልጠና የሄዱት አበሉን የወደዱት ሰዎች ነበሩ። ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ማብሪያውን ግን የሚያውቀው አልነበረም። እኔ ሳልሠለጥን እየነካካሁ የገባኝን በደብተር ጻፍኩ። ደብተሩን አንዱ ፎቶኮፒ አደረገው፣ ሌላው ከሱ ላይ ኮፒ አደረገ። በዚያው መመሪያ ጸሐፊ ሆንኩ። የሥራ መደቤ ግን እስከ ጡረታዬ ቀን ድረስ "የልኬት ረዳት" እንደተባለ ቀረ፤ ደመወዙም እንደዚያው።

መመሪያ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ካለ ይሞክረው። በአንድ መሥመር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታዘዘው። ሰውየው በአንድ እጁ ማውስ ይዟል፣ በሌላው ጣቱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ሁለት ትእዛዝ ከሰጠኸው ሁለተኛውን ይዘለዋል። የቁልፉ ስም ስክሪኑ ላይ እንደተጻፈው መጻፍ አለበት፤ "አውጣ" የሚለውን "አሳይ" ብለህ ከጻፍክ ቀኑን ሙሉ "አሳይ" ሲፈልግ ይውላል። "እንደተለመደው ይቀጥሉ" የሚል ቃል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የለመደ ሰው መመሪያ ምን ያደርግለታል?

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በጦይባ ነው። ጦይባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ነበረች፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ የቆቦ ሴት። ጋሼ ሙሄ ለሜትሩ ሰው እንደሚፈልጉት እኔም ለመመሪያው ጦይባን አገኘሁ። የጻፍኩትን እሰጣታለሁ፣ ከኋላዋ ተቀምጬ አፌን እይዛለሁ። ሕጉ አለመናገር ነው። ከተናገርኩ መመሪያው ሳይሆን እኔ ነኝ የምሠራው።

"'ጥቂት ይጠብቁ' ይላል" ትላለች። "ስንት ነው ጥቂት? ሻይ ጠጥቼ ልምጣ?"

ዝም እላለሁ።

"ዝም አትበል እንጂ፣ ምን ልሁን ነው የምትለው?"

ዝም እላለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን "ስክሪኑ ነጭ እስኪሆን ይጠብቁ" ብዬ አስተካክላለሁ። ጦይባ ተቆጥታ ሳትነሳ የጨረሰችው መመሪያ ማንንም አሳስቶ አያውቅም።

ጦርነቱ መጣና ሄደ። ስለሱ ሌላው ይጻፍ። እኔ የምናገረው ወደ ቢሮ ስንመለስ መዝገብ ቤቱ ባዶ እንደነበረ ነው። ጦይባ መደርደሪያዎቿን አይታ አለቀሰች። ከሳምንት በኋላ ገበያ ሄዳ በርበሬ ብትገዛ በምን ተጠቅልሎ ቢሰጣት ጥሩ ነው? በልኬት ወረቀት። "ይኸው" አለችኝ አምጥታ፣ "የሦስተኛው ክፍያ ሁለተኛ ገጽ ነው።" የጋሼ ሙሄ መዝገቦችም፣ ቀዩም ሰማያዊውም፣ በዚያው አለቁ። የተረፈው ቀደም ብሎ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበው ብቻ ነበር፤ ቅጂው ሌላ ከተማ ተቀምጦ ስለነበር ዳነ። እሱን ፈልጎ የሚያወጣ አዲስ ፕሮግራም ተሠራልን። መመሪያውን እንድጽፍ ታዘዝኩ።

"ለሰኞ" አለኝ ኃላፊው። እንግዶች ይመጣሉ፣ ስብሰባ አለ፣ መመሪያው ታትሞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ጦይባ ልጇን ልትድር እረፍት ወጥታለች።

ጻፍኩት። ሦስት ቀን ከራሴ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫንኩ፣ እያየሁ፣ እየጻፍኩ። ጦይባ ስለሌለች ራሴ አነበብኩት። ልክ ነበር። እኔ ስሠራበት ለምን ልክ አይሆንም?

ሁለተኛውን ስህተት ደግሞ ራሴ ለምኜ አመጣሁት። ሰዎች መመሪያዬን ስለማያነቡት ቆሽቴ አሮ ስለነበር ኃላፊው ዘንድ ገብቼ "ማኅተም ይመታበት" አልኩ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በእኛ አገር ማን ይዘለዋል? ኃላፊው ደስ አለው። በየገጹ ክብ ማኅተም ተመታ፤ ከፊቱም "ከዚህ መመሪያ ውጭ መሥራት ያስጠይቃል" የሚል ደብዳቤ ተያያዘ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ተነበበ። ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ ተነበበ። ምነው ባልተነበበ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የተረፉትን ግንባታዎች ከክፍያው ጋር የሚያመሳክር ኮሚቴ ተቋቋመ። ፕሮጀክቱን ከፕሮግራሙ ያወጣሉ፣ ሄደው መሬት ላይ ይለካሉ። ሮቢት አጠገብ ያለው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ይላል። ሜትራቸው ግን ሦስት መቶ ላይ አለቀ። ፈራሚው ጋሼ ሙሄ ነበሩ። እኔ ያኔ ወልድያ ስለነበርኩ ሥራውን አላየሁትም።

ጋሼ ሙሄ ጡረታ ወጥተው ጎብዬ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ አዋጥቶ የሚያሠራው መስጊድ ነበርና የድንጋዩን ልኬት የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። የመስጊዱ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ፊት ለፊት የሚናገሩ፣ ማንንም የማይፈሩ። ወሬው ከሮቢት ጎብዬ በባጃጅ ፍጥነት ደረሰ፤ ሙሄ አርባ ሜትር ግንብ በሉ ተባለ። ሐጂ ሰይድ በሳምንቱ የመስጊዱን የልኬት መዝገብ ተቀበሏቸው። "ነገሩ እስኪጣራ ነው" አሏቸው። ጋሼ ሙሄ መዝገቡን አስረከቡ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የማፍርበት። የኮሚቴውን ወረቀት አየሁት። በእኔ መመሪያ፣ ደረጃ በደረጃ የወጣ ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ሠራተኛ እያንዳንዱን መሥመር ሲጨርስ በእስክሪብቶ "ራይት" አድርጎበታል። ከራሴ ኮምፒውተር ላይ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላየሁም። መመሪያው የእኔ ስለሆነ ልክ ነው ብዬ አመንኩ። ሠላሳ ዓመት የማውቃቸውን ሰው ጠርጥሬ ያንን ወረቀት አመንኩ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎብዬ ወረድኩና "ጋሼ፣ ምናልባት ረስተው ይሆን?" አልኳቸው።

"አርባ ሜትሩን ጎርፍ ወሰደው" አሉ። "ኮንትራክተሩ ገና አላስረከበም ነበርና ኪሳራው የሱ ነው። በሚቀጥለው የክፍያ ሰርተፍኬት ቀነስኩት። በቀይ።"

"ወረቀቱ ላይ ግን ቅናሽ የለም።"

"ማን አነበበልህ?"

"ኮሚቴው ነው ያወጣው። በመመሪያው መሠረት።"

"መመሪያውንስ ማን አነበበልህ?"

"አብሽር፣ ሂድና እይ" አሉኝ። አጽናኙ እሳቸው፣ ተከሳሹም እሳቸው።

ተመለስኩና ከራሴ ኮምፒውተር ላይ አወጣሁት። ሦስት መቶ ሜትር። ክው አልኩ። መዝገብ ቤት ሄጄ በዚያ ባለው ኮምፒውተር አወጣሁት። ሦስት መቶ አርባ። ያው ፕሮግራም፣ ያው የፕሮጀክት ቁጥር፣ ሁለት መልስ። ሁለት ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ ተጫንኩ። ፕሮግራሙን ለሠሩት ልጆች ብደውል "አጥፍተው ያብሩት" አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ደሜ ፈላ።

በሦስተኛው ቀን ጦይባን ወደ ክፍሌ ጠራኋት። መመሪያውን ሰጥቼ የራሴ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ አፌን ያዝኩ። ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ገጽ አራት ደረሰች። ቆም አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?" አለች፣ ጣቷን ከስክሪኑ ታች በግራ በኩል አሳርፋ። "ትንሿ ሳጥን። ያንተ ላይ ምልክት አለባት፤ የኔ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ናት።"

"ተቀናሽ ይካተት" ትላለች፣ በደቃቅ ፊደል። ፕሮግራሙ የተጫነልኝ የመጀመሪያው ዕለት ምልክት አድርጌባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አስታውሶ ይይዛታል፣ እኔም ዳግመኛ አይቻት አላውቅም። በሌላው ሰው ኮምፒውተር ሁሉ ግን ባዶ ናት፤ ባዶ ከሆነች ደግሞ የተቀነሰው ሁሉ አይወጣም። ለምን እንደዚህ አድርገው እንደሠሯት ፈጣሪ ይወቀው። እኔ ግን ዓይኔ የለመደውን ነገር ሳልጽፈው ቀረሁ። የጋሼ ሙሄ ቀይ ቁጥር በሙሉ ከዚያች ሳጥን ኋላ ተቀምጦ ነበር።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁና ነገርኩት። "መመሪያው ማኅተም አለበት" አለኝ። "ማኅተም ያለበት ነገር ተሳሳተ ማለት ቢሮው ተሳሳተ ማለት ነው። የሲስተም ችግር ነበር ብለህ ጻፍ፣ ሰውዬውም ነጻ ይወጣል፣ አንተም ጡረታህ በሰላም ይወጣል።" የጡረታ ፋይሌ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲገባበት አልፈለግኩም። ጻፍኩ። "በሲስተም ችግር ምክንያት" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ጋሼ ሙሄ ከክሱ ነጻ ወጡ። ከወሬው ግን አልወጡም። በአገራችን "ሲስተም" ሲባል ሰምቶ የሚያምን ማን አለ? ባንክ ሄደህ ሲስተም የለም፣ መብራት ልትከፍል ሄደህ ሲስተም የለም። ጎብዬ ላይ ሰው ሁሉ "ሙሄን ሲስተም አዳናቸው" እያለ ይሳሳቅ ጀመር። ሐጂ ሰይድም መዝገቡን አልመለሱም። እኔም ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዝምታዬን የሰበረችው ጦይባ ናት። "ያንተን ስህተት ሲስተም የሚባል ሰው ተሸክሞልሃል" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሰው ፊት። "ወላሂ፣ እኔ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።" እኔንም አልወሰደኝም ነበር። በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ፈርሜ አስገባሁ። ማስጠንቀቂያዬን ተቀበልኩ፤ ፋይሌ ውስጥ ይገኛል፣ የፈለገ ይየው። ከዚያ መመሪያው እንዲታረም ተፈቀደ። በገጽ አራት፣ ተራ ቁጥር ስምንት ላይ "ከታች በግራ ያለችውን 'ተቀናሽ ይካተት' የምትል ሳጥን ይጫኑ" የሚል መሥመር ገባ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ "'አውጣ' የሚለውን ይጫኑ" ሆነ። ጦይባ በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ ሦስት መቶ። ማኅተሙ ተመታ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቢሮ የምሠራበትን ላፕቶፔንና መመሪያውን ይዤ ጎብዬ መስጊዱ ግቢ ደረስኩ። ሐጂ ሰይድ፣ ሌሎች ሽማግሌዎችና ግንበኞች በድንጋይ ክምሩ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጋሼ ሙሄ ከጥግ ቆመዋል። ሰላምታ አቀረብኩና "ሲስተም አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንድ መሥመር ሳልጽፍ ቀርቼ ነው ስማቸው የጠፋው" አልኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ላሳያቸው ስል ጋሼ ሙሄ እጃቸውን አነሱ።

"አንተ አትንካው" አሉኝ። "ሐጂ፣ አንቱ ያንብቡልኝ።"

ሐጂ ሰይድ መነጽራቸውን አደረጉ። መመሪያውን በግራ እጃቸው ይዘው አንድ በአንድ ጮክ ብለው እያነበቡ፣ በወፍራም ጣታቸው እየተጫኑ ሄዱ። ተራ ቁጥር ስምንትን አነበቡ፣ ሳጥኗን ፈልገው ተጫኑ። ዘጠኝን ተጫኑ።

"ሦስት መቶ አርባ" አሉ።

አንዱ ግንበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። "አይሆንም!" ብዬ ላፕቶፑ ላይ ዘለልኩ። ሳጥኗ ባዶ ናት። ለካስ ይህ የእኔ ላፕቶፕ ነው፤ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሳጥኗ ቀድሞም ምልክት ነበረባት። ሐጂ ሰይድ መመሪያው እንዳዘዛቸው ሲጫኗት ምልክቱ ጠፋ። ጦይባ የሞከረችው ባዶ በሆነው በራሷ ኮምፒውተር ነበር። ምልክት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ማንም አልሞከረውም። አዲሱን መሥመር፣ ያንን ሁሉ ደብዳቤና ማስጠንቀቂያ ያስከተለውን መሥመር፣ እንደገና ተሳስቼበት ነበር።

የተሰማኝን እንዴት ልበል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ ሳቅ ሰማሁ። የሚስቁት ጋሼ ሙሄ ነበሩ። ዕንባቸው እስኪወርድ፣ የድንጋይ ክምሩን ተደግፈው ሳቁ።

"እስክሪብቶ ስጡት" አሉ።

አንዱ ሽማግሌ ከኪሱ እስክሪብቶ አቀበለኝ። ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ክቡን ማኅተም እየነካሁ "ምልክት ከሌለባት ብቻ" የሚል ጨመርኩበት። ሐጂ ሰይድ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አነበቡ፣ ተጫኑ፣ ተራ ቁጥር ስምንት ላይ ሳጥኗን ጠጋ ብለው አይተው ምልክት የሌለባት መሆኑን አረጋገጡና ተጫኗት።

"ሦስት መቶ" አሉ። ከዚያ ወደ ታች ወረድ ብለው የሚቀጥለውን መሥመር አነበቡ። "በጎርፍ የተወሰደ፣ አርባ ሜትር፣ ተቀናሽ።" ቀኑንና የፈራሚውን ስም አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱና የመስጊዱን የልኬት መዝገብ ይዘው መጡ። በሁለት እጃቸው ለጋሼ ሙሄ ሰጧቸው። "አውፍ ይበሉኝ" አሉ። ጋሼ ሙሄም "አላህ ይቅር ይበለን" አሉ፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ለመሄድ ስነሣ ጋሼ ሙሄ ጠሩኝ። የምሥራቁ ግድግዳ የሳምንቱ ልኬት አልተያዘም ነበር። ጨርቃቸውን አውጥተው ሜትሩን ጠረጉ። የሜትሩን ጫፍ ያዝኩ፤ እሳቸው መነሻውን ከማዕዘኑ ድንጋይ ላይ አስጠግተው ወጠሩ። በሕይወቴ ያን ያህል የቀለለኝ ቀን አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አየሁ።

"ስምንት ከሃያ" አልኩ።

እርሳሳቸው መዝገቡ ላይ ነበር። አልጻፉም። ቀና ብለው ግራ ቀኙን አዩ፣ አሸዋ የሚያቦካውን የቀን ሠራተኛ በእጃቸው ጠሩት።

"እስቲ ወንድሜ" አሉት፣ "ይቺን ቁጥር አንብብልኝ።"